ያልተከፈተው አምስተኛ ክፍል

ዘንድሮ መስከረም ላይ የልጄ ትምህርት ቤት አዲሱን የዘጠነኛ ክፍል ቤት እንድንመርግ እኛን ወላጆችን ጠራን። ጭዱ ከጭቃው ጋር ሲረገጥ ሽታው ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

ሉማሜ ገጠር ያለው ትምህርት ቤታችን አራተኛ ክፍል ላይ ያበቃ ነበር። ሁለተኛ ወጥቼ አራተኛን ባለፍኩ ጊዜ አባቴና ጎረቤቶቻችን የአምስተኛ ክፍልን ቤት በእጃቸው ሠሩ። እኔም ጭቃ ረገጥኩ። ግድግዳው ደረቀ፤ መምህር ግን አልመጣም።

«በጀት አልመጣም አሉን፣ ልጄ» አለኝ አባቴ።

«አባዬ፣ በጀት ማነው?»

«እኔም አይቼው አላውቅ።»

ሌላው ትምህርት ቤት ሩቅ ስለነበር መልሰው አራተኛ ክፍል አስገቡኝ። ዓመቱን ሙሉ የማውቀውን ስጽፍ ከረምኩ፤ ከዚያ ትምህርቴ ቀረ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ ስምንተኛን ጨርሳለች። ምርጊቱን ስናበቃ ርእሰ መምህሩን «መምህራኑስ መቼ ይመጣሉ?» አልኳቸው።

«በጀት እየጠበቅን ነው፣ እናቴ» አሉኝ፤ ዓይን ዓይኔን ሳያዩ።

በማግስቱ ጠዋት ኪዳን አድርሼ ስመለስ የልጄን ካርድ ይዤ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ኃላፊው እስኪመጡ በሩ ላይ ተቀመጥኩ።