ያልተሰበረው የማርቆስ ጭንቅላት

ኮረብታው በካርታ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም። በድንበሩ ጦርነት ከወላይታ የዘመትን ሁለት ልጆች በአንድ ቲም ተመደብን፤ እኔ ከገሱባ፣ ማርቆስ ከቦምቤ። ዘጠኝ ነበርን። ትእዛዙ እስኪመሽ ምሽጉን እንዳንለቅ ነበር።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሞርታር ይወርድብን ጀመር። የመጀመሪያው ሁለት ሰው ገደለብን። ሁለተኛው ማርቆስን አንስቶ የኋላ ጭንቅላቱን ከድንጋይ ጋር አላተመው። የብረት ቆቡ ወልቆ ነበር። ደም የለም፣ ቁስል የለም። ተነስቶ ተኮሰ። ሦስት ሰዓት ላይ አስመለሰው። ከዚያ አማርኛው ጠፋውና በወላይትኛ ብቻ ማጉረምረም ጀመረ።

አራት ሰዓት ላይ ቃሬዛ መጣ። የቲም መሪያችን ወደ እኔ ዞሮ «ምን እያለ ነው?» አለኝ።

ማርቆስ ጭንቅላቱ ሊፈነዳ እንደሆነና እንድንሸከመው ነበር የሚለው። እኔ ግን በሽቄ ነበር። የወላይታ ልጅ ሳይቆስል ቃሬዛ ጠየቀ መባሉን አልፈለግሁም።

«ፈርቷል» አልኩ።

ቃሬዛው ባዶውን ተመለሰ። ስድስት ሰዓት ላይ ሌላ ሞርታር አንድ ሰው ገደለብን፤ ፍንጣሪው እኔን ከግራ ጆሮዬ በላይ መታኝና ያው ቃሬዛ ወሰደኝ። ማርቆስ አሥር ሰዓት ላይ እዚያው እንደተኛ መሞቱን ሆስፒታል ሆኜ ሰማሁ።

እኔ ተሰብሬ ተርፌ እሱ ሳይቆስል ለምን እንደሞተ ሐኪሙን በቁጣ ጠየቅሁት። ፍንጣሪ ትንሽና ፈጣን ስለሆነ ያረፈበትን ብቻ ይበሳል፤ ሰፊ ድንጋይ ግን ጭንቅላቱን ሁሉ ያናውጠዋል፣ አጥንቱ ባይሰነጠቅም ውስጡ ይደማል፣ ያብጣል አለኝ። አጥንት ደግሞ አይለጠጥም። የእኔ እብጠት መውጫ ያገኘው የተሰባበረውን ስላነሱልኝ ነው።

ዛሬም ቦታው ክፍት ነው፤ ከቆዳው ሥር አጥንት የለም። ስቆም ይሰረጉዳል፣ ሳጎነብስ ያብጣል። ሶዶ ውስጥ ባጃጅ ስሳፈር ጭንቅላቴን በእጄ ሸፍኜ ነው። ባርኔጣዬን አውልቅ የሚለኝን ሰው እሰድባለሁ።

አንድ ቀን የማርቆስ አባት አቶ ጩማ ከቦምቤ መጡ። ቁጭ በሉ ብላቸው እምቢ አሉ።

«አንተ ጭንቅላትህ ተከፍቶ ቤትህ ገባህ» አሉኝ። «የኔ ልጅ ጭረት አልነበረበትም አሉኝ። ታዲያ ማን ገደለው?»

ባርኔጣዬን አወለቅሁ። እጃቸውን ይዤ ክፍተቱ ላይ አኖርኩት፤ ከቆዳው ሥር የሚመታው ተሰማቸው። እጃቸው እዚያው እንዳለ የቃሬዛውን ነገር ሁሉ ነገርኳቸው። ጣቶቻቸው ጠነከሩ። ገፋ ቢያደርጉ እዚያው እቀር ነበር። ፈራሁ፣ ግን ራሴን አላሸሸሁም።

«ልጄ ያን ጊዜ ያለውን አሁን በትክክል ንገረኝ» አሉ።

በወላይትኛ፣ ማርቆስ እንዳለው፣ አንድ ቃል ሳልቀንስ ነገርኳቸው። እጃቸውን አነሱ። ደህና ዋል ሳይሉኝ ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ወደ ማዶ ይሻገራሉ። አልፈርድባቸውም።

ከዘጠኛችን አራት ሞቱ። መዝገቡ ሦስቱ በሞርታር፣ የአራተኛው ምክንያት አልታወቀም ይላል። ቃሬዛው አጠገቡ ነበር፤ ባዶውን እንዲመለስ ያደረግሁት እኔ ነኝ።