የአዴ ሠርግ ከስድስት ሰዓት በፊት

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባዋል ወይ ብዬ ደጋግሜ አስቤያለሁ። አንድ ቪዲዮ ከአሮጌ ዲስክ ወደ አዲስ ዲስክ ተገለበጠ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ማን ከማን ተጣላ ብሎ ለሚጠይቅ የምነግረው የለኝም። ግን ያን ቀን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ትንፋሼ ቀለል ይለኛል፤ ስለዚህ ልጻፈው።

አዴ የምንላቸው ጎረቤታችን ባለቤታቸውን ካጡ ቆይተዋል። የሰውየው ድምፅ የቀረው በትልቋ ልጃቸው ሠርግ ቪዲዮ ላይ ብቻ ነበር። ቪዲዮው ደግሞ ያለው ከተበላሸ ኮምፒውተር በወጣ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ነው። እኔ ኮምፒውተር የምማር የአንደኛ ዓመት ተማሪ በመሆኔ፣ አዴ የደቻቱን ወንዝ ተሻግረው መጋላ ሰፈር ወዳለው የቴሌቪዥንና የኮምፒውተር ጠጋኝ ሲሄዱ አስከተሉኝ። «የኮምፒውተሩን ነገር አንቺ ታውቂያለሽ» አሉኝ። ብዙም እንደማላውቅ ለመናገር አፈርኩ።

ጠጋኙ ዲስኩን ወደ ጆሮው አስጠግቶ አስነሳው፤ ቀጭ ቀጭ ይላል። ቶሎ አጠፋው።

«አዴ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ይሄ ምናልባት አንዴ ይነሳ ይሆናል። ከተነሳ ደግሞ እስኪጨርስ መጥፋት የለበትም።»

«ያ ረቢ! ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

የአዲሱን ዲስክ ካርቶን አንስቶ አሳያቸው። «ይኸው ተጽፏል፤ በሰከንድ አምስት ጊጋ! የእርስዎ ሠርግ ያለበት ዲስክ ደግሞ፣ ላዩ ላይ እንደተጻፈው፣ ስልሳ ጊጋ ነው። አሥራ ሁለት ሰከንድ! ወላሂ ሙሽራዋ ከመኪና ሳትወርድ ያልቃል። ጠዋት ሥራ ይበዛብኛል፤ ሐሙስ ልዘጋ ስል ብቅ በሉ።»

እንደ ድሬ ሱቆች ሁሉ የእሱም በስድስት ሰዓት ይዘጋል። ሙቀቱ ሲበረታ ከጓደኞቹ ጋር ጫት ሊቅም በርጫ ይቀመጥና አመሻሽ ላይ ይመለሳል። አንድ ጊዜ ሱቁ በኤሌክትሪክ እሳት ሊቃጠል ስለነበር፣ ሲወጣ ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ ሳያወርድ አይሄድም። ይህን ሁሉም ደንበኛ ያውቃል።

በዕድሜ የሚበልጠኝን ሰው ማረም ከብዶኝ አዴን ተከትዬ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ግን ልቤ አላረፈም። በዚያው ሳምንት መምህራችን ስለ አሮጌ የዲስክ ገመዶች አስተምሮን ነበር፤ «ይሄ የሙዚየም ትምህርት ነው» እያልን ስንስቅ የተማርነው። ካርቶኑ ላይ ያለው አምስት ጊጋ ባይት ሳይሆን ቢት ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው፤ ያንን ስምንት ቢት ለማስተላለፍ ደግሞ አሥር ቢት ስለሚላክ፣ ሲመነዘር በሰከንድ አምስት መቶ ሜጋባይት ይሆናል። አሮጌው ዲስክ ደግሞ የሚሰካው በጠፍጣፋው ገመድ ነው። ጠጋኙ ያለው ሽቦው ወፍራም የሆነው የድሮው ዓይነት ከሆነ በሰከንድ ከሠላሳ ሦስት ሜጋባይት በላይ አያሳልፍም። አዲሱ ዲስክ የቱንም ያህል ቢፈጥን አሮጌው ከሚሰጠው በላይ ሊቀበል አይችልም። አካፈልኩ፤ ደግሜ አካፈልኩ። በወረቀት ላይ ግማሽ ሰዓት መጣ። ያረጀ ዲስክ ደግሞ ወረቀት ላይ ያለውን አይሰጥም። ልዘጋ ስል ኑ ባለን ሰዓት ብንሄድ ሠርጉ መሃል ላይ ይቆረጣል።

በማግስቱ ከክፍል በፊት ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?»

«ጠይቂ፣ ዩኒቨርሲቲ!»

እየተንተባተብኩ ነገርኩት።

«አቦ ተይኝ! ገና ከገባሽ ስንት ወርሽ ነው?» ብሎ ሳቀ። ግን ገመዱን አውጥቶ ወደ ብርሃን ያዘው። በጣቱ ዳሰሰው። «ወፍራሙ ነው» አለ በመጨረሻ። «እሺ፣ በሦስት ሰዓት አምጫቸው። ከተሳሳትሽ ምሳ በአንቺ ነው።»

ሐሙስ በባጃጅ ሄድን። አዴ ዲስኩን በሻሻቸው ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አቅፈውታል። መንገዱ ባንገጫገጨን ቁጥር ሹፌሩን «ቀስ በል ልጄ፣ ሠርግ ይዣለሁ» ይሉታል።

ዲስኩ ተነሳ። መጀመሪያ ላይ ፍጥነቱ እኔ ካሰብኩት ብዙም አልራቀም። ከዚያ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረና እየወረደ ሄደ። አምስት ሰዓት ላይ ገና ግማሹ ነበር።

«ግማሽ ሰዓት ብለሽኝ አልነበር?»

«በወረቀት ላይ ነው ያልኩት፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ወረቀቱን አምጪውና እሱ ይገልብጥልን!»

ስድስት ሰዓት ሞላ። የጎረቤት ሱቆች በር እየተጎተተ ሲዘጋ ይሰማናል። የጠጋኙ ስልክ ጮኸ፤ ጓደኞቹ ናቸው። ማብሪያ ማጥፊያውን አየ፤ ስክሪኑን አየ። እኔ እጄን የማደርግበት አጣሁ።

አዴ ግን ከወንበራቸው ሳይነሱ «ልማድህን አትተው፣ ልጄ። ጓደኞችህን እዚህ ጥራቸው» አሉት።

ትንሽ አሰበና ስልኩን አነሳ። «አቦ፣ የዛሬው በርጫ እኔ ጋ ነው። አዎ፣ ሱቅ! ምን ላድርግ፣ ሠርግ ጠርተውኛል!»

ሦስት ሰዎች ጫታቸውንና ቀዝቃዛ ውሃ ይዘው መጡ። በተበላሹት ቴሌቪዥኖች መካከል ምንጣፍ ተነጠፈ። በየመሃሉ አንዱ ቀና እያለ «ሙሽራዋ የት ደረሰች?» ሲል፣ እኔ ከስክሪኑ ላይ አነብላቸዋለሁ። ስምንት ሰዓት ገደማ ግልበጣው የት እንደደረሰ የሚያሳየው መስመር ሞላ። አለቀ።

አዴ አላመኑም። «ክፈቱት» አሉ። ከአዲሱ ዲስክ ከፈትነው። ድንኳን፣ ከበሮ፣ እልልታ። ከዚያ ከካሜራው ጀርባ አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ ጮኸ፦ «ሰዎች! ፍየሉን የፈታው ማነው?»

የበርጫው ሰዎች በሳቅ ፈረሱ። አዴም እየሳቁ የሻሻቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ ያዙ። «ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጣል» አሉ። «እስቲ ድገሙልኝ።»

ደገምንላቸው። ጠጋኙ ወደ እኔ ዞሮ «ምሳው በእኔ ነው» አለና ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ አወረደ። በማግስቱ አሮጌውን ዲስክ ሊያስነሳው ቢሞክር አልተነሳም። ያኔ ግን ሠርጉ በአዴ ቤት ቴሌቪዥን ላይ ነበር። ተገልብጦ ያለቀው ሐሙስ፣ ግንቦት 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው።