የሰናሩ እጣ

የልጅ ልጄ ሰልማ ጦርነቱ ከሱዳን ገፍቶ ካይሮ ካደረሳት ወዲህ በየሳምንቱ ትደውልልኛለች። ባለፈው ማክሰኞ የደወለችው ግን ከባቡር ጣቢያ ነበር። አዲስ ሥራ ይዛለች፤ ከቤቷ ሩቅ ስለሆነ መንገድ ላይ ባቡር መቀየር አለባት።

"ጂዶ" አለችኝ፤ አያቴ ማለቷ ነው። "መሀል ከተማ ብቀይር በግማሽ ሰዓት እደርሳለሁ። ግን እዚያ ፖሊስ አይጠፋም፤ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የኔ ደግሞ አልታደሰም። በዳር ልዙር ብል ሰዓት ሙሉ ነው። የቱ ይሻለኛል?"

ስልኩን እንደያዝኩ ወደ ደጃፌ ወጣሁ።

የምኖረው እዚያው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነው። ሐዲዱን ሣር ውጦታል፤ በክረምት ጥቁሩ ጭቃ ይተኛበታል፤ ከፍየል በቀር የሚሄድበት የለም። እኔ ግን አንዳንድ ቀን ፉጨት ይሰማኛል፤ ወጥቼም አያለሁ። ለምን እዚህ ቤት እንደሠራሁ ሰው ሲጠይቀኝ፣ ቦታው ርካሽ ስለነበር ነው እላለሁ።

ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፤ ወንድሜ ኑሩ አሥራ ዘጠኝ። በመተማ ተሻግረን ፋሽጋ ሰሊጥ ስናጭድ ከረምንና፣ እጃችን ተሰነጣጥቆ ገዳሪፍ ገባን። ሐሳባችን ካርቱም ነበር፤ የጉዞ ፈቃድ ግን አልነበረንም። በመኪና መንገድ ኬላው ብዙ ስለሆነ ባቡር ይሻላል ተባለ። ባቡሩም ሁለት መንገድ ነበረው። በምዕራብ ሄዶ ሰናር ላይ መቀየር አጭር ነው፤ ነገር ግን መቀየሪያው ላይ ፈታሾች የኛን ቢጤ ይጠብቃሉ ይባላል። አለዚያ በከሰላ ዞሮ፣ ሀይያና አትባራ ላይ እየቀያየሩ ሳምንት መንከራተት ነው። አቧራው አያድርስ! ግን ወረቀት የሚጠይቅህ የለም።

እኛ ሐበሾች ደግሞ ወግ ነበረን፤ ፈቃድ የሌላቸው ወንድማማቾች በአንድ ባቡር አይሳፈሩም። አንዱ ቢያዝ አንዱ ለእናት ይትረፍ ነው ነገሩ። ስለዚህ እጣ መጣል ግድ ሆነ።

ጣቢያው ፊት ለፊት፣ ከአንዲት ሻይ ሻጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ዝንጅብል የበዛበት ሻይ እንጠጣለን። ከጆንያችን የሰሊጥ ጭራሮ መዘዝኩ። አጭር የደረሰው በአጭሩ፣ ረጅም የደረሰው በረጅሙ እንዲሄድ ተስማማን። ታላቅ ስለሆንኩ እጣውን የምጨብጠው እኔ ነኝ። ዞር ብዬ ሰበርኩ፤ ሁለቱንም አጭር አድርጌ።

ፈሪ ነበርኩ። ሌላ ስም የለውም።

ኑሩ መዘዘ። መጀመሪያ ጭራሮውን፣ ከዚያ ጭብጥ ያለ እጄን አየ።

"ያንተንም አሳየኛ፣ ጋሼ።"

"የኔማ ረጅሙ ነው፤ ምኑ ይታያል!" ብዬ በጣቶቼ አድቅቄ በተንኩት።

ሳቀ እንጂ አልተከራከረኝም። የቴምር ከረጢታችንን አንስቶ ጭኔ ላይ አኖረው።

"ሙሉውን ያዘው፤ ያንተ መንገድ ሩቅ ነው። እኔ ቀድሜህ ስለምደርስ ካርቱም ጣቢያ እጠብቅሃለሁ።"

አውቆብኝ ይሆን? ወላሂ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በስምንተኛው ቀን ካርቱም ደረስኩ። ኑሩ የለም። ወር ሙሉ ጣቢያው በር ላይ እየቆምኩ ከሰናር የመጣውን ባቡር ሁሉ ጠበቅኩ። አንዱ ሰናር ላይ ተይዟል ይላል፤ ሌላው ከባቡር ጣሪያ የወደቀ ወጣት አይቻለሁ ይላል። እርግጡን የሚነግረኝ አላገኘሁም። ከዓመታት በኋላ ከእናቴ ጋር ስንገናኝ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"ያን መንገድ ማን መረጠለት?"

"እጣው ነው፣ እምዬ" አልኳት። አመነችኝ፤ እንዳመነችኝም ሞተች።

ከዚያ ወዲህ ቴምር ከአፌ ገብቶ አያውቅም። በረመዳን የማፈጥረው በውሃ ነው፤ ቤተሰቤ የጥርስ ሕመም ይመስለዋል።

"ጂዶ፣ ሰማኸኝ? ባቡሩ እየመጣ ነው!"

"ረጅሙን" አልኩ። "በረጅሙ ሂጂ፣ ልጄ። ስትደርሺ ደውዪልኝ።"

ሰዓት ሙሉ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ፣ ሣር የዋጠውን ሐዲድ እያየሁ ጠበቅኩ። ስልኩ ጮኸ።

"ደረስኩ፣ ጂዶ።"

አልሐምዱሊላህ አልኩ። ሃምሳ ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነው፤ ድምፁ ግን የኑሩ አልነበረም።