ሰበታ ላይ የወሰድነው ዋንጫ

የእርጥብ ሰጋቱራ ሽታ ሲሸተኝ ዛሬም ልቤ ሰበታ ነው የሚሄደው። ሱሉልታ ከተከራየሁት ቤት በታች አንድ አናጢ ሥራ ጀምሮ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ያ ሽታ በመስኮት እየገባ ሥራ ያስፈታኛል፤ እኔም የያዝኩትን አስቀምጬ፣ ቅዳሜ እስኪደርስ ስትቁነጠነጥ የነበረችውን የአሥር ዓመት ልጅ አስታውሳለሁ።

ኦቦ ቶሎሳ የሰፈራችን አናጢ ነበሩ። ሳምንቱን ሙሉ አልጋና ቁም ሳጥን ሲሠሩ ሰንብተው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ጠረጴዛቸውን ወደ ጓሮ ገፍተው፣ አግዳሚ ወንበር ደርድረው፣ ጭቃው ሰው እንዳያንሸራትት ወለሉ ላይ ሰጋቱራ በትነው ቤቱን በቴሌቪዥን ጨዋታ የሚታይበት ኳስ ቤት ያደርጉት ነበር። የጨዋታውን ሰዓት በሩ ላይ በተሰቀለ ጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ ይጽፉታል፤ እሱን አንብቦ ለአባቴ በስልክ መንገር የእኔ ሥራ ነበር። አባቴ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ስለነበረ ቤት የሚገኘው በወር አንዴ፣ ግፋ ቢል ሁለቴ ነበር። የምንደግፈውን የእንግሊዝ ቡድን እኔ መርጬው አላውቅም፤ እንደ አፍንጫዬ ከአባቴ የወረስኩት ነው።

ነሐሴ ላይ ውድድሩ ሲጀመር፣ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ውጦት፣ ሰው ሁሉ በግምት ይጮህ ነበር። ጥር ሲገባ ጭቃው አቧራ ሆኖ፣ ቡድናችንም የጥሎ ማለፉን የዋንጫ ጨዋታ ጀምሮ፣ አባቴ ከደረሰበት እየደወለ «አለፍን?» ይለኛል፤ እኔም «አለፍን!» ብዬ እጮህበታለሁ። አንዱን ዙር አዋሽ ላይ፣ ሩብ ፍጻሜውን ሚሌ ላይ፣ ግማሽ ፍጻሜውን ጋላፊ ላይ ነገርኩት። ይኸው የጅቡቲን መንገድ ከተማ በከተማ የማውቀው በጂኦግራፊ ትምህርት ሳይሆን በኳስ ነው። ያን ዓመት ግን አንድም ጨዋታ አብረን አላየንም ነበር፤ ስለዚህ ፍጻሜውን ከጎኑ ተቀምጬ ካላየሁ ሌላው ሁሉ ለእኔ ምንም አልነበረም።

ግንቦት መጣና ሰሌዳው ላይ «ፍጻሜ፣ ቅዳሜ 5፡00» የሚል ተጻፈ። እኔም እየሮጥኩ ሄጄ ደወልኩለት።

«ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነው አባዬ!»

«አምስት ሰዓት ከሆነማ ስምንት ሳይሞላ ያልቃል» አለ ደስ ብሎት፤ «ዓርብ ቤት እገባለሁ፣ መኪናው ደግሞ ቅዳሜ የሚነሳው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። አብረን እናያለን።»

ቅዳሜ ዕለት እጁን ይዤ፣ ያለችኝን አንዲት ደህና ቀሚስ ለብሼ ስንደርስ፣ ኦቦ ቶሎሳ በር ይልጋሉ፤ አግዳሚ የለ፣ ሰው የለ።

«አካም ቡልተን! እንዴት አደራችሁ! ምነው በጠዋቱ?» አሉን።

«ጨዋታው አሁን አይደል እንዴ ኦቦ ቶሎሳ?» አላቸው አባቴ።

«ኧረ አሥራ አንድ ሰዓት ነው!» ብለው ወደ ሰሌዳው ዞር አሉና ራሳቸውን ያዙ። «ወይ ይሄ የወንድሜ ልጅ! ጻፍ ብለው ከስልኩ ላይ እንዳለ ገልብጦት ነው፣ በፈረንጅ ሰዓት!»

የፈረንጅ ሰዓት ወደ እኛ እንዴት እንደሚቀየር ትምህርት ቤት ተምሬ፣ ፈተናም ደፍኜ ነበር። ሰሌዳው ፊት ቆሜ ግን አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም። ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። አባቴ ወደ አሠሪዎቹ ደውሎ ለመናቸው፤ አራት መኪና ተከታትሎ ስለሚወጣ አንዱ ሊቀር አይችልም አሉት። ስልኩን ኪሱ ከትቶ አንገቴን አቀፈና «በይ ተይው፤ ስድስት ሰዓት ሙሉ አለን እኮ!» አለኝ።

እንደዚያ ያለ ቀን ከዚያ ወዲያ አላየሁም። ፓስታ በዳቦ በላን፣ ጋቢናው ውስጥ ገብተን አረፍን፤ ከዚያ አባቴ አቧራ የለበሰው መስታወት ላይ በጣቱ ሜዳ ስሎ፣ ማን የት እንደሚቆም እያሳየ «ኳሱን ብቻ እንዳታዪ፣ ኳስ የሌላቸው ወዴት እንደሚሮጡም እይልኝ» ይለኝ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ ኳስ ቤቱ በር ድረስ ሸኘኝ። «ማንንም አልጠይቅም። አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ» ብሎ ሄደ።

ሁሉንም አየሁ፣ ሁሉንም በቃሌ ያዝኩ። አንድ ለአንድ ቆይተው፣ ሊያልቅ ሲል ጎል ገባብንና ተሸነፍን። ወንዶቹ ለዋንጫው ሲያዝኑ እኔ የምጨነቀው ለነገው ስልክ ነበር።

እሁድ ከቸርች በተመለስን በግማሽ ሰዓት ውስጥ አባቴ ከሚሌ ደወለ። ሳልዋሽ፣ ሳልጨምር፣ ማን ለማን እንዳቀበለ፣ ማን እንደወደቀ ነገርኩት። የመጨረሻዋ ጎል ጋ ስደርስ ግን ምላሴ እምቢ አለኝ። በኔ ስህተት ጨዋታው ቀርቶበት፣ ሽንፈቱንም እኔው ልጨምርለት? ጎል አግቢውን የኛን ማልያ አለበስኩትና «ሁለት ለአንድ! ዋንጫው የኛ ነው!» አልኩት። አባቴ «ጎል!» ብሎ ሲጮህ ስልኩ ተንጫጫ። የሰፈሩን ሐዘን ከትናንት ጀምሮ ስትሰማ ያደረችው እናቴ ትክ ብላ አየችኝና ወደ ማድ ቤት ገባች።

ብዙ ዓመት አለፈ። አባቴ ወገቡ ታሞ መሪውን ከተወ በኋላ፣ አንድ ቀን አብረን ቴሌቪዥን ስናይ ያለፉትን የዋንጫ አሸናፊዎች ከነዓመታቸው ይዘረዝሩ ጀመር፤ ያ ዓመት ደረሰና የሌላ ቡድን ስም ወጣ። ቀና ብዬ ላየው አፈርኩ። እሱ ግን ሻዩን እያማሰለ፣

«ያን ማታ ሞጆ ለእራት ስንወርድ ነው የሰማሁት» አለኝ። «ሹፌሮቹን አልጠየቅኳቸውም፤ ራሳቸው ነገሩኝ።»

«ታዲያ በማግስቱ ስነግርህ ለምን ጮህክ?»

«ያንቺው ጨዋታ ይሻል ነበራ!» ብሎ ሳቀ። «ደግሞስ አንዴ የተወሰደ ዋንጫ ይመለሳል እንዴ?»

አሁን ጨዋታውን ከነሰዓቱ ስልኬ ይነግረኛል፤ የሚሳሳት የለም፣ ስድስት ትርፍ ሰዓት የሚሰጠኝም የለም። አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ባለፈው ግንቦት ቡድናችን ሊያልቅ ሲል ባገባት ጎል ዋንጫውን ወሰደ፣ የእውነቱን ወሰደ። ብቻዬን ጮኼ፣ ስልኬን አንስቼ፣ ያልሰረዝኩት ቁጥሩ ላይ ደርሼ ቆምኩ። የዚያን ቀን ቢያነሳልኝ ኖሮ፣ ሁሉንም እንዳየሁት ነበር የምነግረው።