የጋሼ ተካ ጎሽ

ገና ልጅ ሳለሁ፣ መርካቶ፣ ሰባተኛ ሰፈር፣ ከሱቆቹ ጀርባ በነበረችው ባለ አንድ ክፍል ቤታችን፣ የጋሼ ተካን መምጣት እንደ ፋሲካ ነበር የምጠብቀው። ጋሼ ተካ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ በደቡብ ቆላ ውስጥ የዱር አራዊት ፓርክ ጠባቂ ነበር። ፈቃድ ሲያገኝ አውቶቡስ ተራ ይወርድና አቧራ የጠጣ ካኪውን እንደለበሰ በራችን ላይ ይቆማል። እኔና ታናሽ እህቴ ብርቱካን አንገቱ ላይ እንጠመጠማለን። የጭስና የደረቀ ሣር ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ።

እናቴ በቆሎ እየጠበሰች ነበር የምታሳድገን። ሲመሽ ምድጃዋን በራፋችን ላይ ታስቀምጥና በተረፈው ፍም ዙሪያ እንሰበሰባለን። መብራት ከጠፋማ ደስታችን ነው፤ ኩራዙ ይለኮሳል፣ የጋሼ ጥላም ግድግዳው ላይ ዝሆን ያክላል። ያኔ እሱ ሲያወራ መርካቶ የለችም፤ አንበሳው ሲያገሳ እኛም ሆዳችን ውስጥ ይሰማን ነበር።

ከሁሉ የምወደው የጎሹን ነበር። ጋሼና ባልደረባው ወንዝ ዳር ሲሄዱ ጎሽ ገጠማቸው። ባልደረባው ዞሮ ሮጠ፣ ጎሹም ተከትሎ ዛፍ ላይ አስወጣው። ጋሼ ግን ጀርባውን ሳይሰጥ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ወጣና መንገዱን ለቀቀለት። «እኛ እዚያ እንግዳ ነን» ይለኝ ነበር፤ «የሚፈልገው አንተን አይደለም፣ መውጫውን ነው።»

እናቴ ይህን ወሬ አትወድም ነበር። አንድ ማታ «ልጄን አስኮብልለህ ጫካ ልትወስድብኝ ነው» አለችው።

«እታለም፣ ወሬ እኮ ነው።»

«አንተስ በወሬ አይደል የሄድከው?» አለችና ኩራዙን እፍ አለችው።

ከዚያ ወዲያ ጫካ የሚባል ነገር ቤታችን ውስጥ እንዳይነሳ ተከለከለ። ጋሼ ስለ ዝናብና ስለ ጫማ ዋጋ ማውራት ጀመረ። እኔ በሆዴ አለቀስኩ።

ብዙም ሳይቆይ፣ በእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ ጋሼ በፈቃድ መጥቶ እኛ ጋ ሳለ፣ ብርቱካንን ይዤ ከሰል ልገዛ እንደወጣሁ፣ ከአይሱዙ የሚወርድ አንድ ሰንጋ ገመዱን በጠሰ። ሱቁ ተዘጋ፣ ተሸካሚው ጆንያውን ጥሎ ሸሸ። ሰዉ ከየአቅጣጫው ሲጮህበት ሰንጋው ደንብሮ እኛ ወዳለንባት ጠባብ መተላለፊያ ዞረ። «እናንተ ልጆች፣ ሩጡ!» ይሉናል። ብርቱካን እጄን ትጎትታለች። በስመ አብ አልኩ። ወዲያው የጋሼ ድምፅ መጣልኝ፤ ለካ የቆምነው መውጫው ላይ ነው፣ ብንሮጥ የሚከተለው እኛኑ ነው። እህቴን ከቆርቆሮው አጥር ጋር አጣበቅኋትና መንገዱን ለቅቄ ከፊቷ ቆምኩ። ጀርባዬን አልሰጠሁትም። ትንፋሹ ፊቴን ሞቀኝ፤ ቀንዱ የማዶውን ቆርቆሮ ጭሮ አለፈ።

እናቴ እየሮጠች መጥታ ከሰል በነካው እጇ ሁለታችንንም ዳበሰችን። ለምን እንዳልሮጥን ስትጠይቀኝ «የሚፈልገው መውጫውን ነው» አልኳት።

ማታ እራት ከተበላ በኋላ ፍሙን አራገበችና፣ ወንድሟን ሳታየው፣ «እስቲ ያንን የጎሹን ድገመው» አለችው።

«የቱን?» አላት፣ እያወቀ።

«አታድርቀኝ። ስትጨርስ የአንበሳውንም ትነግረኛለህ።»

የፈራችው ግን አልቀረም። ትምህርቴ ብዙም አልገፋም፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ እኔም እዚያው ፓርክ ጠባቂ ነኝ። ጠዋት አማትቤ ከጠባቂዎቹ ሰፈር ስወጣ ልቤ እንደዚያ ዘመን ይዘላል፤ ፍሙና የጋሼ ጥላ አብረውኝ ያሉ ይመስለኛል። ስልክ የሚሠራው ኮረብታው ላይ ስለሆነ ሲመሽ ወጥቼ እናቴ ጋ እደውላለሁ። በወዲያ በኩል የመኪና ክላክስ ይሰማኛል፣ በእኔ በኩል ጅብ ይጮሃል። ከጤናዬ አስቀድማ ምን እንዳየሁ ነው የምትጠይቀኝ። ወሬው መሀል ዝም ካለች የተኛች ይመስለኝና ቀስ ብዬ «እማዬ?» እላታለሁ።

«አለሁ» ትለኛለች፤ «መንገዱን ለቀቅህለት?»