ሜርና ለልጇ የሰጠችው ኮከብ

ሜርና ፍሪሰን ለሳምንታዊው ጋዜጣችን የበረዶ ላይ ሆኪ መዘገብ የጀመረች ጊዜ የከተማችን ወንዶች ስቀውባታል። እኔም ስቄአለሁ፤ አልዋሽም። የሜዳውን በረዶ የሚያለሰልሰውን መኪና የምነዳው እኔ ስለሆንኩ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከቅርብ አይቻታለሁ። ዛሬ በእኛ በካናዳዋ ሳስካቸዋን ገጠር ሰው ስለ ጨዋታ ሲከራከር አንዱ «ሜርና ምን አለች?» ካለ ክርክሩ አለቀ ማለት ነው።

ከየጨዋታው በኋላ የዕለቱ ምርጥ ተጫዋቾች «ሦስቱ ኮከቦች» ተብለው ወደ ሜዳው ይጠራሉ። የምትመርጣቸው እሷ ናት። ጨዋታው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ስማቸውን ጽፋ ለአስተዋዋቂው ለኤልደን ትሰጠዋለች፤ እሱ ደግሞ መጨረሻ ላይ ያነበዋል። ልጇ ኮልቢ ለቡድናችን አራት ዓመት ተከላካይ ሆኖ ሲጫወት አንድ ቀን እንኳ አልተጠራም። ሴትዮዋ ዳኛ አትፈራ፣ አሰልጣኝ አትፈራ፤ «ለልጇ አደላች» መባልን ግን ትፈራ ነበር። እኔ ልጁን በድላዋለች ባይ ነኝ።

መጋቢት ላይ የዋንጫው የመጨረሻ ጨዋታ ደረሰ። ኮልቢ በሳምንቱ ለሥራ ወደ ሰሜን ስለሚሄድ የእሱም የመጨረሻው ነበር። ያን ቀን ልጁን ምን እንደነካው እንጃ! የተመታውን ሁሉ በሰውነቱ አቆመ፤ አንድ ጎልም አገባ። ሁለት ለሁለት እንደሆንን ሜርና ወረቀቱን ሰጠች።

ኤልደን አንብቦ ሳቀ። «በስንት ዘመኑ! ልጅሽ አንደኛ?»

«ያየሁትን ነው የጻፍኩት። ዝም ብለህ አንብብ።»

አርባ ሰከንድ ሲቀር ባላጋራ የመታት ፓክ፣ በኳስ ፈንታ የምንጫወትባት ጠፍጣፋ ጎማ፣ የኮልቢን ጫማ ነክታ በገዛ ጎላችን ገባች። ዋንጫው ሄደ።

ኤልደን ማይኩን በእጁ ሸፈነ። «አንቺ፣ ሰው ሊበላን ነው። ልሰርዘው?»

«አንድ ጎል የስንት ደቂቃ ሥራ ይሰርዛል እንዴ? አንብብ አልኩህ!»

አነበበ። የፈሩት ይደርሳል፤ ከኋላ አንዱ «እናት ምን ታድርግ!» ብሎ ጮኸ። ሜርና ፊቷ ቀላ እንጂ ዞራ አላየችውም። ኮልቢ አቀርቅሮ ወደ በረዶው ወጣ። ይኼኔ ያሸነፉን ልጆች ዱላቸውን በረዶው ላይ ይመቱለት ጀመር፤ የሆኪ ተጫዋች ጭብጨባ ይኸው ነው። የእኛዎቹም ተከተሏቸው። እኔ መኪናዬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ሐሙስ ጋዜጣው ወጣ። «ዋንጫውን ያሳጣን ጎል የገባው የልጄን ጫማ ነክቶ ነው» ብላ ጀመረች። ቀጥላም «ከሁለቱም ቡድን እንደ እሱ የተጫወተ አላየሁም። ይህን ለመጻፍ አራት ዓመት ዘግይቻለሁ» አለች።