ሳልናገር ያረዳሁት መርዶ

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ወልድያ የሶሻል ወርክ ተማሪ ሳለሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም። ጓደኞቼ «ሬዲዮ» እያሉ ይቀልዱብኛል፤ ምክንያቱን ግን ነግሬያቸው አላውቅም።

በዚያ ሰሞን ሳይኮአናሊሲስ የሚባለው የሥነ ልቦና ሕክምና ትምህርት ናላዬን አዙሮት ነበር። ባለሙያው ዝም ሲል ባለጉዳዩ በውስጡ የቀበረውን ራሱ ያወጣዋል ተብለን ተምረናል። እኔም አንድ ቀን እንኳ ሳልሞክረው አዋቂ የሆንኩ መሰለኝ።

ለተግባር ልምምድ መርሳ አጠገብ ወዳለ ቀበሌ ተመደብኩ። እዚያ እማማ ዘሀራ የሚባሉ እናት አሉ። አንድ ልጃቸው ሰይድ በየመን በኩል ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ ከወጣ ዓመት አልፎት ነበር፤ ድምፁ አልተሰማም። እሳቸውም ከሰው መዋል ስለተዉ «እስቲ አነጋግሪያቸው» ተባልኩ። ማሳ ሳይወርዱ ለማግኘት ብለን ከሰፈሩ ሽማግሌ ከሸህ አሊ ጋር በማለዳ ሄድን።

ሰላምታ ተሰጣጥተን ተቀመጥን። እኔ እንደተማርኩት ዝም አልኩ። ሸህ አሊም እኔ እስክጀምር እየጠበቁ መሬት መሬቱን ያያሉ።

እማማ ዘሀራ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሸህ አሊን አዩ። የሻሻቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ በልቤ «ይኸው፣ ሊወጣላቸው ነው» አልኩ። እንዴት ያለሁ ጅል ነበርኩ! በማለዳ ከሽማግሌ ጋር መጥቶ ዝም የሚል ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የወሎ ልጅ ሆኜ ጠፍቶኝ ነው? ያን ቀን ግን ጠፋኝ።

«ያ ረቢ! ሰይዴን ነው?» ብለው ጮኹ።

ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ መጣ። ሸህ አሊ «ኧረ ወላሂ መርዶ አይደለም!» እያሉ ይለምናሉ። እኔም ደንግጬ እማማ ዘሀራ እግር ላይ ወደቅሁና «ልጅዎ አልሞተም!» አልኩ።

ልቅሷቸው ቀጥ አለ። ክንዴን ጨብጠው «በአላህ! ደህና ነው? የት አየሽው ልጄ?» አሉኝ።

ምን ልበል? አላየሁትም። መኖሩንም መሞቱንም አላውቅም። እንደገና ዝም አልኩ፤ አሁን ግን የምለው ጠፍቶኝ ነው።

እሳቸውም ልቅሷቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ። ሊያስቆማቸው የቻለ ሰው አልነበረም።

ዛሬ ተመርቄ ሥራ ይዣለሁ። ይጸጽተኛል፣ ያሳፍረኛልም። በመርሳ ባለፍኩ ቁጥር «ወራጅ አለ» ልል አፌን እከፍትና እተወዋለሁ። ወርጄስ ምን እላቸዋለሁ? ስለ ሰይድ ዛሬም የማውቀው ነገር የለም።